ነጻው መሣሪያ ምን በወጣው፤ ቴብሎችሽ እኮ አይተዋወቁም

ጥያቄውን ባጭሩ ላስቀምጠው። የጻፈችልኝ እዚሁ ጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከጌራና ከሰቃ ቡና የሚረከብ መጋዘን ውስጥ ሂሳብ የምትይዝ እህት ናት። ሦስት ቴብል (የመረጃ ሰንጠረዥ) አላት፤ አርሶ አደሮች፣ ርክክብ፣ ክፍያ። ዳታቤዙ ዛምፕ (ዳታቤዝን በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚያሠራ ነጻ ጥቅል) ላይ ነው። ሠርቶላት የሄደው ልጅ አሁን ስልክ አያነሳም። «ጋሼ፣ አራት ነጻ ፕሮግራም ሞከርኩ፣ ሁሉም የሆነ ነገር ይጎድለዋል» ትላለች። ከሞከረቻቸው አንዱ ፒኤችፒማይአድሚን ነው፤ ዲዛይነር በሚባለው ክፍሉ ላይ በቴብሎቹ መሃል የዝምድና መስመር ይታያታል። ዲቢቨር በሚባለው ፕሮግራም ሲከፈት ግን ሦስቱም ለየብቻ ተበታትነው ይቀመጣሉ። የርክክብን ኪሎ ላርም ስትል ዎርክቤንች የሚባለው አያስነካም፤ ዲቢቨር ደግሞ ሴቭ ስትል «ዩኒክ ኪ» (የማይደገም መለያ) አምጪ ይላታል። «ነጻ ስለሆነ ቆልፈውት ይሆን?» ብላለች። ሦስቱን ቴብል አገናኝታ ድምር ስታወጣ ኪሎው ሦስት እጥፍ ሆኖ ይመጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስም አንዳንዴ አንዱ ቴብል «ክራሽድ» (ተበላሽቷል) ይላል። እና ጥያቄዋ፦ ዋጋው የማይጎዳ፣ በማውዝ እየጎተትኩ ዲዛይን የማደርግበትና ዳታ የምጠይቅበት ሁነኛ መሣሪያ የቱ ነው?

እህቴ፣ አምስተኛ ፕሮግራም እንዳታወርጂ። የኢንተርኔት ፓኬጅሽን ቆጥቢ።

ዳታቤዝሽን በዓይኔ አላየሁትም፣ ግን ያንን የመስመር ነገር ስታነሺ ነው የጠረጠርኩት። አንዱ ፕሮግራም ላይ መስመር አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ይሄ በሽታ ስም አለው፦ ማይአይሳም። ቴብሎችሽ በማይአይሳም ሞተር ነው የተሠሩት (ሞተር ማለት ዳታቤዙ ቴብሉን የሚያስቀምጥበት ስልት ነው)፤ በዚያ ላይ ርክክብና ክፍያ ፕራይመሪ ኪ፣ ማለትም እያንዳንዱን ረድፍ የሚለይ ቁጥር፣ የላቸውም። ለማረጋገጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ዳታቤዙን ክፈቺና የቴብሎቹን ዝርዝር እዪ፤ «ታይፕ» የሚል ኮለም አለ። እዚያ ላይ ኢኖዲቢ (ሌላው ሞተር) ካለሽ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፣ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ።

ማይአይሳም ፎሪን ኪ የሚባል ነገር፣ ማለትም አንዱን ቴብል ከሌላው የሚያዛምድ ማሰሪያ፣ አያውቅም። አለማወቁ ሳይሆን የሚያናድደው ዝምታው ነው። ፎሪን ኪ አድርግ ብትዪው «እሺ» ብሎ ይቀበልና ትዕዛዙን ይጥለዋል። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ፒኤችፒማይአድሚን ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ፣ የሳልሽውን መስመር ለራሱ ማስታወሻ ውስጥ ይጽፈዋል። መስመሩ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው፤ ዳታቤዙ ራሱ አልሰማም። ዲቢቨር የሚጠይቀው ዳታቤዙን ነው፣ ዳታቤዙም «ዝምድና የለንም» ይለዋል። ስለዚህ የዋሸሽ ዲቢቨር አይደለም።

የተቆለፈው ነገርም ከክፍያ ጋር ግንኙነት የለውም። ፕራይመሪ ኪ የሌለው ቴብል ላይ አንድ ረድፍ ስታርሚ ፕሮግራሙ የቱን ረድፍ እንደምትዪ በምን ይለይ? በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ 40 ኪሎ ያስረከበ ሰው ቢኖር ሁለቱ ረድፎች መንታ ናቸው። ዎርክቤንች ፈርቶ ይቆልፋል፣ ዲቢቨር መለያ አምጪ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

መብራት ሲሄድ መበላሸቱም እዚሁ ይገባል። ማይአይሳም መሃል ላይ ሲቋረጥ ራሱን የሚመልስበት አስተማማኝ መንገድ የለውም፤ ኢኖዲቢ ግን የጀመረውን በማስታወሻ ይዞ ስለሚሠራ ሲነሳ ያስተካክለዋል። ኢኖዲቢ ከማይኤስኪውኤል 5.5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ማንም ሳይነካው የሚመረጥ ሞተር ነው። ታዲያ የአንቺ ለምን ማይአይሳም ሆነ? የሠራው ሰው ከአሮጌ ፋይል ገልብጦ ስለለጠፈው ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለ ሥራ እጄ የሚገባው ስንቴ እንደሆነ ባወራሽ ይመሻል።

አሁን ምንም ከመንካትሽ በፊት ባክአፕ። ፒኤችፒማይአድሚን ላይ «ኤክስፖርት» ብለሽ በኤስኪውኤል ፋይል አውጪው። ከዚያ ፋይሉን «ሙከራ» በሚል አዲስ ዳታቤዝ ውስጥ አስገቢና ይከፈት እንደሆነ፣ የረድፉ ብዛት ከዋናው ጋር እኩል እንደሆነ እዪ። መልሰሽ ያላስገባሽው ባክአፕ ባክአፕ አይባልም። ፒኤችፒማይአድሚን «ፋይሉ በዛብኝ» ካለ ሃይዲኤስኪውኤል በሚባለው ነጻ ፕሮግራም አስገቢው፤ ያ የመጠን ገደብ እሱ ጋ የለም። የዛምፕን ዳታ ፎልደር ሰርቨሩ እየሠራ ኮፒ ማድረግም ባክአፕ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ይሄ ያስለቀሳቸውን ሰዎች ስላየሁ። ዛምፕ አልነሳ ሲል «ባክአፕ የሚለውን ፎልደር ዳታ ላይ ገልብጥ» የሚል ምክር አለ፤ ሁሉም ይቀባበለዋል። እዚያ ፎልደር ውስጥ ያለው ያንቺ ዳታ አይደለም፣ ዛምፕ ሲጫን የነበረው ባዶ ዳታቤዝ ነው። ስሙ ባክአፕ ስለሆነ ብቻ ሰው ይሸወዳል። የራስሽን ዳታ ፎልደር ሌላ ቦታ ሳታስቀምጪ እላዩ ላይ ከገለበጥሽበት፣ በተለይ «አይቢዳታ1» የሚባለውን ፋይል ካጠፋሽው፣ የኢኖዲቢ ቴብሎችሽ ስማቸው ይታያል እንጂ አይከፈቱም።

ፍላሽሽንም ፈትሺ። ገበያ ላይ 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ ውስጡ 8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ሞልቷል። ሲገለበጥ ሰላም ነው፣ ስሙም መጠኑም ይታያል። ለመክፈት ሲሞከር ግን ባዶ። አንዴ የአንድ ደንበኛ የሦስት ወር ሂሳብ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነበር፤ ያን ቀን የሰውየውን ፊት ማየት አቅቶኝ ፍላሹን ሳገላብጥ ቆየሁ። «ኤች2ቴስትደብልዩ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን ጢም አድርጎ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ይነግርሻል። ባዶ ፍላሽ ላይ ነው የሚሠራው፣ ዳታ ካለበት መጀመሪያ አውጪው።

እሺ፣ ጥገናው። ሁሉንም መጀመሪያ «ሙከራ» ላይ ነው የምትሠሪው። መሣሪያሽ ሃይዲኤስኪውኤል ይሁን፤ ለዊንዶውስ ነው፣ ቀላል ነው፣ ነጻ ነው፣ ደካማ ኮምፒውተር ላይም አይንፏቀቅም። ርክክብን ክፈቺና «መለያ» የሚል ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ኮለም ጨምሪ፤ ዲፎልቱን «ኦቶ ኢንክሪመንት» (ቁጥሩን ራሱ እየጨመረ የሚሞላ) አድርጊና ኮለሙ ላይ ራይት ክሊክ ብለሽ ፕራይመሪ ኢንዴክስ ፍጠሪለት። ክፍያንም እንዲሁ። ከዚያ «ኦፕሽንስ» በሚለው ታብ ሞተሩን ወደ ኢኖዲቢ ቀይሪ፤ ሦስቱንም። የተበላሸ ቴብል ካለ መጀመሪያ «ሪፔር» በሚለው ትዕዛዝ ይጠገናል፣ በሽታውን ይዞ እንዳይሻገር።

ቀጥሎ ፎሪን ኪ። እዚህ ጋ ሁለት ነገር ያደናቅፍሻል። አንደኛው የኮለም ዓይነት ነው። አርሶ አደሮች ላይ ያለው ቁጥር «አንሳይንድ» (ከዜሮ በታች የማይቀበል) ሆኖ ርክክብ ላይ ያለው ካልሆነ አይጋጠምም፤ ስህተት 150 ይልሻል፣ ለምን እንደሆነ ግን በቅጡ አይነግርሽም። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጊያቸው። ሁለተኛው ወላጅ አልባ ረድፍ ነው። አርሶ አደሩ ተሰርዞ ርክክቡ ቴብሉ ውስጥ ካለ ስህተት 1452 ይመጣል። እነዚያን ረድፎች ፈልገሽ ከወረቀት ደረሰኙ ጋር አመሳክሪ እንጂ እንዳትሰርዢ። የሰው ቡና ነው።

ፎሪን ኪውን ስትሠሪ «ኦን ዲሊት» (ሲሰረዝ ምን ይሁን) የሚለው ላይ «ሪስትሪክት» (ከልክል) ምረጪ። «ካስኬድ» ካልሽ አንድ አርሶ አደር በስህተት ሲሰረዝ ርክክቡም ክፍያውም ተከትሎት ይሄዳል፣ ማንም ምንም ሳይጠይቅሽ። ይሄን ስል ባክአፑን ረስተሽው እንዳይሆን።

ይህ ሲያልቅ ዲቢቨርን ሪፍሬሽ አድርጊና ዲያግራሙን ክፈቺ። መስመሩ ይመጣል።

አሁን ሦስት እጥፍ ወደሆነው ኪሎ ልምጣ። ይሄን ሳስረዳ ረዘም አደርገዋለሁ፣ ቤት ያሉትም ሰልችቷቸዋል፣ ግን የዳታቤዝ ስህተት ሁሉ አባት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ለቅሶ ቤት አስቢ። 6 ሰዎች ሊያጽናኑ መጡ፣ ቤት ውስጥ 3 ሰዎች ተቀምጠዋል። የመጣው ሁሉ የተቀመጠውን ሁሉ አንድ በአንድ ቢጨብጥ ስንት ጊዜ እጅ ይጨባበጣሉ? 18 ጊዜ። ሰዎቹ ግን 9 ብቻ ናቸው። ቴብል ስታገናኚ የሚሆነውም ይኸው ነው። አንድ አርሶ አደር እንውሰድ። 6 ጊዜ አስረከበ፦ 40፣ 55፣ 62፣ 38፣ 70 እና 35 ኪሎ። ደምሪው፣ 300 ነው። 3 ጊዜ ተከፈለው፦ 5,000፣ 4,000 እና 3,000 ብር። ድምሩ 12,000። አሁን ርክክብንም ክፍያንም በአርሶ አደሩ ቁጥር አንድ ላይ ስታገናኚ፣ ዳታቤዙ የትኛው ክፍያ የትኛው ርክክብ እንደሆነ የሚያውቅበት ምንም ነገር የለውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ርክክብ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ያጨባብጠዋል። 18 ረድፍ። 40 ኪሎዋ ሦስት ጊዜ ትመጣለች፣ 55ቷም ሦስት ጊዜ፣ ሁሉም። ድምሩ 900 ኪሎ ይሆናል። ብሩ ደግሞ ስድስት ስድስት ጊዜ ይቆጠርና 72,000 ይላል። ኪሎው ሦስት እጥፍ ሲሆን ብሩ ስድስት እጥፍ መሆኑን አላየሽ ይሆናል፤ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው የሚያውቀው ቁጥር ላይ ነው። ማገናኛውን ጭራሽ ከረሳሽው ደግሞ መላው መንደር ይጨባበጣል። 412 አርሶ አደርና 9,300 ርክክብ ቢኖርሽ 3,831,600 ረድፍ ይወጣል፣ ኮምፒውተሩም ይደርቃል፣ ሰውም «ፕሮግራሙ ዘገምተኛ ነው» ይላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ለየብቻ ደምሪ፣ ከዚያ አገናኚ። ርክክብን በአርሶ አደር ደምረሽ አንድ «ቪው» (እንደ ቴብል የሚታይ የተቀመጠ ጥያቄ) ፍጠሪ፣ ክፍያን ደምረሽ ሌላ ቪው። አሁን በያንዳንዳቸው ውስጥ ለአንድ አርሶ አደር አንድ ረድፍ ብቻ ነው ያለው። አንድ ሰው አንድ ሰው ቢጨብጥ አንድ ጊዜ ነው። ሁለቱን ቪው ከአርሶ አደሮች ጋር ማገናኘት ብቻ ይቀራል። ብር ገና ያልወሰደ ሰው ከዝርዝሩ እንዳይጠፋ ማገናኛው «ሌፍት ጆይን» ይሁን፤ ጥንድ ባያገኝም የአርሶ አደሩን ረድፍ ያስቀራል።

በላክሽልኝ የድምር ኮድ ላይ ዳታቤዙን የሠራልሽ ልጅ ምን እንዳደረገ አይተሻል? ድምሩን ለ3 አካፍሎታል! አንድ ቀን ሦስት እጥፍ ሆኖ አየው፣ ለ3 አካፈለው፣ ልክ መጣ፣ ሄደ። አራተኛ ክፍያ የተከፈለ ቀን ያ ሂሳብ አፈር ይበላል። ሌላ የማየው «ጥገና» ደግሞ «ዲስቲንክት» መጨመር ነው፤ እሱ የተደጋገመ ያጠፋል፣ ግን በእውነት ሁለት ጊዜ 40 ኪሎ ያመጣውን ሰውም አንዱን 40 ይበላበታል።

ወደ መሣሪያው ልመለስ፣ እሱን ነበር የጠየቅሽው። በማውዝ እየጎተቱ መጠየቂያ መሥራት ከፈለግሽ ዲቢቨር ኮሚዩኒቲ ላይ አትፈልጊው፤ ያ ነገር ያለው በሚከፈልባቸው ዕትሞች ነው። ዲቢቨር ኮሚዩኒቲ የሚጠቅምሽ ዲያግራም ለማየትና የተለያየ ዓይነት ዳታቤዝ በአንድ መስኮት ለመክፈት ነው፤ ማይኤስኪውኤልም ፖስትግሬስም ኤስኪውላይትም ይከፍታል። በጃቫ ስለሚሠራ ሜሞሪ ይወዳል፤ 4 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር ላይ ከብሮውዘር ጋር አብረሽ አትክፈቺው። ለመጎተት ሊብሬኦፊስ ቤዝ ውሰጂ። ነጻ ነው፣ ከማይኤስኪውኤልና ከእሱ ከወጣው ከማሪያዲቢ ጋር ይገናኛል፣ «ዲዛይን ቪው» ውስጥ ቴብሎቹን አስገብተሽ መስመር ጎትተሽ ኮለም ትመርጫለሽ። የማይክሮሶፍትን አክሰስ የሚያውቅ ሰው እጁ ቶሎ ይለምደዋል። መልኩ ያረጀ ነው፣ ፎርም ሲሠራም ያንገራግራል፣ ለጥያቄ ግን ይበቃል። ፒኤችፒማይአድሚን ዲዛይነርም መጠየቂያ መገንቢያ አለው። አጠቃቀሙ ያስቸግራል፣ ለትንሽ ነገር ግን ይሆናል።

ዎርክቤንች ለዲዛይን ከሁሉም ይሻላል፤ ቴብል ስለሽ ወደ ዳታቤዝ ትቀይሪበታለሽ፣ ያለውንም ዳታቤዝ ወደ ሥዕል ትመልሺበታለሽ። ግን ከዛምፕ ጋር ስታገናኚው የሚያሳይሽ የቨርዥን ማስጠንቀቂያ ምክንያት አለው። ዛምፕ ላይ «ማይኤስኪውኤል» ተብሎ የተጻፈው በውስጡ ማሪያዲቢ ነው፣ ዎርክቤንች ደግሞ ለማይኤስኪውኤል የተሠራ ነው። የሳልሽውን ሲልክ ኢንዴክስ ላይ «ቪዚብል» የሚል ቃል ይጨምራል፣ ማሪያዲቢ ያንን አያውቅምና ስህተት 1064 ብሎ ይመልሰዋል። «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ሞዴሊንግ» የሚለው ሥር የዒላማውን ቨርዥን 5.7 አድርጊው፣ ቃሉ ይጠፋል። አንድ የምወድለት ነገር ደግሞ «ሴፍ አፕዴት» ነው፤ የትኛው ረድፍ እንደሆነ ሁኔታ ያላስቀመጥሽበትን አፕዴትና ዲሊት (የማረሚያና የመሰረዣ ትዕዛዝ) ይከለክላል። ሰዎች «አስቸገረኝ» ብለው ያጠፉታል። አታጥፊው። ኢኖዲቢ ላይ እንኳ ኦቶ ኮሚት (ለውጡን ወዲያው የሚያጸድቀው ቅንብር) በርቶ አንዴ ካለፈ መመለሻው ባክአፕሽ ብቻ ነው፣ እሱም ካለሽ።

ሥዕሉን ለአለቃሽ ለማሳየት ብቻ ከሆነ ድሮው አይኦ የሚባለው የሥዕል መሣሪያ ይበቃል፣ ዴስክቶፕ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ክራክ የተደረገ የሚከፈልበት መሣሪያ ግን አደራ። «ነጻ አደረግኩልህ» ተብሎ የተጫነለት ሰው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሂርማታ መርካቶ ሱቄ ድረስ ሲመጣ ፋይሎቹ በሙሉ ተቆልፈው ነበር። ነጻ ነገር ሞልቶ ምን አስፈለገ?

ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ግዢ፣ ግን ስትገዢ ሱቁ ውስጥ ሶኬቱን አስነቅለሽ ኮምፒውተር ጭነሽበት ፈትሺው። ባትሪው መደርደሪያ ላይ የሞተ ሞልቷል፤ ሦስት ሰከንድ ጮሆ ይጠፋል።

በጨረፍታ ያነሳሻት የቀን ነገር ደግሞ፦ «አንዳንድ ቀን ዜሮ ዜሮ ይሆናል» ያልሽው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ዴት» ኮለም ውስጥ እያስገባችሁ ነው። ዳታቤዙ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን በሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን ብለሽ ስታስገቢ እሱ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ያነባል፣ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። ጳጉሜ 13ኛ ወር ናት፣ ለሱ የለችም። አጠባበቁ ላላ ያለ ሰርቨር ከሆነ ዜሮ ጽፎ ያልፋል። ጥቅምት 30 የቡና ወቅት መሃል ስለሆነች ስንት ርክክብ እንዳለባት አስቢ። የፈረንጁን ቀን በዴት ያዢ፣ የኛን በሌላ የጽሑፍ ኮለም። ዜሮ የሆኑትን ከደረሰኝ ላይ ነው የምታገኚያቸው። እግረ መንገድሽን ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሃይሉ ተብሎ ሦስት ቦታ የተመዘገበ ሰው ካለ እዪ፤ ለዳታቤዙ ሦስት ሰዎች ናቸው።

ከተጣበቀብሽ የቴብሎቹን አወቃቀር ላኪልኝ። ኤክስፖርት ስታደርጊ «ስትራክቸር» ብቻ ምረጪ፣ ዳታውን ተዪው፤ የሰዎቹ ስምና ክፍያ እኔን አይመለከተኝም። እና ያ የሙከራው ዳታቤዝ ከፍላሹ ላይ ተመልሶ እንደሚከፈት ሳታዪ ዋናው ላይ እጅሽን እንዳታሳርፊ።